ባልዲ

ከማዘጋጃ ቤት አንድ ቅጽ ሰጡኝ፤
«የሟቹን ሥራዎች መዝግቢልን» አሉኝ።
ስም፦ ኤውሎሂዮ ናውቶ። ሙያ፦ ሕንፃ ነዳፊ።
አገር፦ ቺሎዌ ደሴት፣ የባሕር ትራፊ።
የሥራዎቹ ብዛት፦ እዚህ ላይ ስደርስ
ሃያ ሁለት ዓመት የቀረጽሁት እርሳስ
ጣቴን አጠቆረው ዛሬም እንደ አዲስ።

አርባ አንድ ትምህርት ቤት። ይህን ማን ይክዳል?
መስኮታቸው ሁሉ ዝቅ ብሎ ተተክሏል፤
ልጅ ተቀምጦ እንኳ ጀልባ ሲያልፍ ያያል።
ተቆጣጣሪው መጥቶ «ትምህርት ይሰርቃል!»
ብሎ ቢቆጣበት፣ ናውቶ ምን ይለዋል?
«የዓሣ አጥማጅ ልጅ አባቱን ይጠብቃል፤
መመለሱን ሳያይ ፊደል የት ይገባዋል?»

የክሊኒኩን በር ወርዱን ሲወስን
በሜትር አልለካም፤ ጠራ አራት ሰውን፤
ቃሬዛ አሸክሞ፣ ልብሳቸው እንደራሰ፣
«ግቡ» አለ። ያንዱ ክርን ጣውላውን ዳሰሰ።
ናውቶ መጋዝ ጠርቶ ግድግዳ ቀነሰ።

መስመር ያስተማረው የሳንቲያጎ ምሁር፣
ቤት ያስተማረው ግን ጀልባ ሠሪ ነበር፤
ዶን ሴላዲዮ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣
ጥርሱ መሀል ምስማር ነክሶ የኖረ።
«ጣራ ማለት» ይላል «ጀልባ ነው፣ ተገልብጦ፤
ሰው ይሳፈርበታል መሬት ላይ ተቀምጦ።»

አድራሻ ይላል ቅጹ። የኤርሜሊንዳ ቤት
አድራሻው የቱ ነው? የነደፈላት ዕለት
ኮረብታ ላይ ነበር። ከጎረቤት ተጣልታ፣
በሬ አስጠምዳ፣ ለጎረምሶች ገመድ ሰጥታ፣
ቤቱን ከነምሰሶው አሻገረችው ማዶ፣
ባሕሩ ላይ አንሳፍፋ። ናውቶም ሰማና ማልዶ
ተሻገረ። በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፤ አልተንሻፈፈም።
«በቃ» አለ። ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም።

ቅጹ ስለ ጥፋት የሚጠይቀው የለም።
እኔ ግን ካልጻፍሁት ናውቶ ናውቶ አይደለም።
የቾንቺ መናኸሪያ፦ ጠፍጣፋ የሲሚንቶ ጣራ፣
ከዋናው ከተማ ለሽልማት እንዲጠራ፣
አንዴ በሕይወቱ ዝናቡን ያልፈራ።
መጽሔት ላይ ወጣለት። ፎቶ አንሺው መጣ
ፀሐይ በዓመት አንዴ ብቅ ስትል፣ በዕጣ።

ሰኔ ሲገባ ግን ማፍሰስ ጀመረ፤
ትኬት መስኮቱ ፊት ኩሬ ተቋጠረ፤
ጋዜጣው ሳቀበት፣ ምክር ቤቱ አማረረ።
ሌላ ሰው ቢሆን በተቋራጭ ያላክካል፤
አሸዋው ነው፣ ውሉ ነው፣ ጨረታው ነው ይላል።
ሾጣጣ ጣራ ነደፈ፣ በራሱ ወረቀት፤
«በጀት የለም» አሉት። (እኔ መሳቢያ ውስጥ ሻገተች ያቺ ወረቀት።)

ባልዲ ገዛ ናውቶ በማግሥቱ ጧት፣
ሰማያዊ፣ እጀታው የሽቦ ጥምዛት።
ከፍሳሹ በታች አስቀመጠው በእጁ፤
አሥራ ዘጠኝ ክረምት ተመላለሰ ደጁ።
ዝናቡ ሲጠና፣ ከአልጋው ተነሥቶ፣
ሲሞላ ይደፋል ባትሪውን አብርቶ።
አንድ ሌሊት አየሁት። አልጠራሁትም።
ሰው ከጥፋቱ ጋር ሲያወጋ አይረበሽም።

ሐምሌ ላይ ቀበርነው። ቅጹን ይዤ ሄድሁ፣
መናኸሪያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ቁጭ አልሁ።
«ዐቢይ ሥራው፦» የሚል መስመር ይጠብቃል።
ከላይ፣ ከሲሚንቶው፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
አሁንስ ሞልቷል ብዬ፣ ልደፋው ሄጄ ባየው፣
ባዶ ነው።

የጽዳት ሠራተኛዋ? የኬዮን አውቶቡስ ሾፌር?
አልጠየቅሁም። ቅጹን አጠፍሁና፣ ዝም ብዬ ሳይ ነበር፦
አንዲት ተማሪ ገባች፣ ቦርሳዋ እንደራሰ።
ፍሳሹ ቦታ ለውጦ ወደ ግራ ፈሰሰ።
ስልኳን እያየች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣
በጫማዋ ጫፍ ባልዲውን ገፋችው፣ ሁለት ጣት ያህል።